የጓሮ ኩሬያችን አረንጓዴ ሆነ፣ ጎልድፊሾቹም ጠዋት ጠዋት አፋቸውን ከፍተው ላይ ላይ ይላሉ፤ ፊልተር በራሳችን እንዴት እንስራ?

ቀበናዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እስቲ ኩሬ ያላችሁ ወይ ዓሣ የምታረቡ ሰዎች ተባበሩኝ። አባዬ ጡረታ ከወጣ በኋላ ጓሮ ውስጥ በሲሚንቶ ኩሬ ሰርቶ ጎልድፊሽ አስገባበት፣ አሁን ሁለት ዓመት አልፎታል። ርዝመቱ 3 ሜትር ወርዱ 2 ሜትር ነው፣ ጥልቀቱ ከጉልበት ትንሽ ከፍ ይላል 60 ሴንቲ ቢሆን ነው። መጀመሪያ ውሃው ጥርት ያለ ነበር ሳንቲም ብትጥል ወለሉ ላይ ትታይ ነበር፣ አሁን ግን የጎመን ቅቅል መስሏል፣ እጄን ሳስገባ ከክርኔ በታች አይታየኝም። ዓሣዎቹ ስድስት ነበሩ፣ አሁን ትልልቆቹ ብቻ አስራ ምናምን ደርሰዋል፣ በዛ ላይ ከየት እንደመጡ የማናውቃቸው ጥቋቁር ትንንሽ ዓሣዎች አሉ፣ አባዬ ወፍ ነው ይዟቸው የመጣው ይላል።

ፊልተር ተብዬው 20 ሊትር የዘይት ጀሪካን ነው፣ አፉን ቆርጠን የፍራሽ ስፖንጅ ሞልተንበት ትንሽ ፓምፕ ገጥመንለታል። ስፖንጁን በየሳምንቱ ቧንቧ ስር አድርጌ ነጭ እስኪሆን አጥበዋለሁ ግን ምንም ለውጥ የለም። ማታ አባዬ ሊተኛ ሲል ፓምፑን ይነቅለዋል፣ መብራት ይቆጥራል ነው ሚለው። ምግባቸው ከሱቅ የተገዛው ፍሬ ፍሬ ነገር ነው ግን ዳቦም ይፈረፈርላቸዋል እንግዳ ሲመጣ እንጀራም አይቀርባቸውም። አሁን ያስጨነቀኝ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ስወጣ ሁሉም ላይ ላይ ሆነው አፋቸውን ከፈት ከደን ሲያደርጉ አገኛቸዋለሁ፣ ረፋዱ ላይ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ሆነው ይዋኛሉ። ውሃውን በሙሉ ደፍተን አዲስ እንሙላው ወይስ ትልቅ ፊልተር ይሰራ? የሚሰራ ከሆነ በምን? ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣልን እሱንም አስቡልኝ።

ዘመናይ፦
እንቦጭ አስገቡበት። ስሩ ቆሻሻውን ሁሉ መጦ ነው ሚያጠራው፣ አንድ ቦታ ሎጅ ውስጥ አይቻለሁ ውሃው መስታወት ነበር። ነጻ ነው ደግሞ አትገዢውም።

የጣና ልጅ፦
ኧረ በፈጠራችሁ! እንቦጭ ብሎ ምክር። ያልሽው እውነት ነው ያጠራል፣ አልካድኩም፣ ከውሃው ናይትሬትና ፎስፌት እንደሱ የሚመጥ ተክል ብዙ የለም። ግን አገራችን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1965 ቆቃና አዋሽ ላይ ታየ፣ ከዛ እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ ሲታይ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም፣ በኋላ ገበሬው ከነከብቱ ስራ ፈቶ እየገባ በእጁ ሲነቅል ዋለ። ምቹ ከሆነለት በሁለት ሳምንት እጥፍ ይሆናል፣ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመት ሳይሞት ይቀመጣል። እናንተ ጓሮ ነው ያለው ትሉኛላችሁ፣ ክረምት ላይ ኩሬው ሞልቶ ሲፈስ የት ነው ሚሄደው? ቦይ፣ ከቦይ ቀበና ወንዝ፣ ከወንዙ አዋሽ። ደግሞም ላዩን ጥርቅም አድርጎ ሸፍኖ አየር ያሳጣቸዋል፣ ያንቺ ዓሣዎች ችግር እኮ አየር ነው። አታድርጊው።

ባለኩሬው፦
ሰላም እህቴ። ጽሁፍሽን ሁለቴ ነው ያነበብኩት፣ ሁለት ችግር ነው ያለብሽ፣ አንቺ አንድ አድርገሽ ነው ያየሽው። ውሃው አረንጓዴ መሆኑ ለኛ ዓይን ነው ሚያስጠላው፣ ጎልድፊሽ አረንጓዴ ውሃ ውስጥ ደልቦ ይኖራል። አስፈሪው የጠዋቱ ነው። አፍ ከፍቶ ላይ ላይ ማለት ኦክስጅን አጥሯል ማለት ነው። ውሃውን አረንጓዴ ያደረገው አልጌ ቀን በጸሐይ ኦክስጅን ያመርታል፣ ማታ ግን እሱም እንደ ዓሣው ኦክስጅን ይበላል፣ ስለዚህ ውሃው ውስጥ ያለው አየር ከምሽት ጀምሮ እየቀነሰ ይሄድና ሊነጋ ሲል ነው ጭራሽ ሚያልቀው፣ ረፋድ ላይ ጸሐይ ስትወጣ ደግሞ ይመለሳል፣ ለዛ ነው አንቺ ምንም እንዳልሆኑ የምታያቸው። እና አባባ ፓምፑን የሚነቅሉት በዛው ሰዓት ነው፣ ውሃው ይበልጥ መንቀሳቀስ ባለበት።

ሌላ ሰው የማያነሳው ነገር ልጨምርልሽ፣ እኛ ያለነው ከፍታ ላይ ነው። አዲስ አበባ የአየሩ ግፊት ከባህር ዳርቻ አገር ጋር ሲነጻጸር ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፣ ውሃም የሚይዘው ኦክስጅን በዛው ልክ ይቀንሳል። ባህር ጠረፍ ላይ 20 ዲግሪ ውሃ በአንድ ሊትር 9 ሚሊግራም አካባቢ የሚይዝ ከሆነ እዚህ 7 አይሞላም። ዩትዩብ ላይ ፈረንጆቹ ለዚህ ኩሬ ይህን ያህል ዓሣ ይበቃል ሲሉ ያንን አስበው አይደለም፣ ስለዚህ እነሱ ካሉት ቀንሺ።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ምንም ሳትገዢ ፓምፑ እንዳይነቀል። ውሃው ወደ ኩሬው ሲመለስ ከፍ ካለ ቦታ ድንጋይ ላይ እየተፈጠፈጠ ይውረድ፣ በጭራሽ ቱቦውን ውሃ ውስጥ እንዳትከቺው። አየር የሚገባው ሲረጭና ላዩ ሲናወጥ ነው። ይሄን ብቻ አድርጊና ጠዋት እያቸው።

ውሃውን በሙሉ እንድፋው ላልሽው ግን አይሆንም። አንደኛ የቧንቧው ውሃ ክሎሪን አለው፣ ዓሣውን መተንፈሻውን ያቃጥለዋል። ሁለተኛ አረንጓዴው በሁለት ሳምንት ተመልሶ ይመጣል፣ አዲስ ውሃ ላይ ጸሐይ ሲያርፍበት እንዲያውም ይብሳል። በሳምንት ከአስር አንዱን፣ ግፋ ቢል ከአምስት አንዱን ቀይሪ። ፈረቃ ስትሆን ሮቶ ውስጥ ቅጂና ክዳኑን ከፍተሽ አንድ ሁለት ቀን አሳድሪው፣ ክሎሪኑ ይተናል። ጎማውን ኩሬው ውስጥ ጥለሽ ቡና ልታፈዪ እንዳትገቢ ብቻ፣ በዚህ መንገድ ኩሬ ሙሉ ዓሣ ያለቀበት ሰው አውቃለሁ።

አሁን ወደ ፊልተሩ። የፊልተር ዋናው ስራ ባክቴሪያ ማኖር ነው፣ ቆሻሻ መያዙ ተጨማሪ ነው። ዓሣው ከሚያስወጣውና ከተረፈው ምግብ አሞኒያ ይወጣል፣ አሞኒያ መርዝ ነው። አንዱ ባክቴሪያ አሞኒያውን ናይትራይት ያደርገዋል እሱም መርዝ ነው፣ ሌላው ደግሞ ናይትሬት ያደርገዋል፣ እሱ ብዙም አይጎዳም፣ ተክልና አልጌ ይበሉታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች ስፖንጁ ላይ ድንጋዩ ላይ ተለጥፈው ነው ሚኖሩት፣ የሚፈልጉት ሁለት ነገር ነው፣ የሚያርፉበት ቦታና ሳያቋርጥ የሚያልፍ አየር ያለው ውሃ። አንቺ ስፖንጁን በየሳምንቱ በክሎሪን ውሃ ነጭ እስኪሆን ስታጥቢው ሁሉንም ትጠርጊያቸዋለሽ፣ የተረፉት ደግሞ ፓምፑ ማታ ሲቆም አየር አጥተው ይሞታሉ። ለዛ ነው ለውጥ የሌለው። ስፖንጅ ከኩሬው በተቀዳ ውሃ ባልዲ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ ተደርጎ ነው ሚመለሰው፣ ቡናማ እንደሆነ ይቅር።

ኩሬሽ 3 በ2 በ0.6 ነው፣ 3600 ሊትር ማለት ነው። 20 ሊትር ጀሪካን ለዚህ ምንም አይደለም። እኔ የምመክርሽ 200 ሊትር ሰማያዊው የፕላስቲክ በርሜል ነው። መርካቶ ምናለሽ ተራ ሂጂ ሞልቷል፣ ግን ውስጡ ምን እንደነበር ጠይቂ፣ አሽትቺውም፣ የምግብ ነገር የነበረበትን ውሰጂ፣ የኬሚካል ወይ የቀለም ከሆነ በነጻ ቢሰጡሽ እንኳ ተይው።

አሰራሩ ከታች ወደ ላይ ነው። ከፓምፑ የሚመጣው ቱቦ በበርሜሉ መሀል ቀጥ ብሎ ይወርድና ከወለሉ ከፍ ብሎ ጫፉ ላይ ጎሚቶ (የቧንቧ ክርን) ይገጠምለታል፣ ጎሚቶው ወደ ጎን ስለሚገፋ ውሃው ዞር ዞር እያለ ከባዱ ቆሻሻ ታች ይቀራል። ከስር 25 ሴንቲ ያህል ባዶ ተይለት። በርሜሉ ግርጌ ላይ ታንክ ኒፕል (ቱቦውን በበርሜሉ ግድግዳ የሚያሳልፈው መገጣጠሚያ) እና ጌትቫልቭ (መክፈቻና መዝጊያው) ይገጠማል፣ እሱ ቆሻሻ መልቀቂያሽ ነው። ባዶው ቦታ ላይ የለስላሳ ሳጥን ቆርጠሽ ገልብጪበት፣ ሸክሙን እሱ ይይዘዋል፣ አስር ሚስማር ከምትመቺ ይሻላል። ከሳጥኑ በላይ ሻካራውና ቀዳዳው ሰፋ ያለው ስፖንጅ፣ ከሱ በላይ ዋናው ነገር፣ ሬድ አሽ።

ሬድ አሽ መንገድ ላይ የሚደፉት ቀዩ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፣ ከደብረዘይት በኩል በገልባጭ ይመጣል። ቀዳዳው ሁሉ ለባክቴሪያ ቤት ነው፣ ውጪ አገር በውድ የሚሸጡት የፊልተር ድንጋይ ከዚህ ብዙም አይለይም። የለውዝና የእንቁላል መሀል ያህል የሆነውን ምረጪ፣ ደቃቁን ጣይው ይደፍናል። ከዛ እጠቢ። ስልሽ እጠቢ። መጀመሪያ የሚወጣው ውሃ ቀይ ነው፣ ጥርት እስኪል ድረስ ሳታቋርጪ፣ ካልሆነ ኩሬው በአረንጓዴ ፈንታ ቀይ ይሆንብሻል። የታጠበውን ሽንኩርት የሚመጣበት ቀዩ መረብ ከረጢት ውስጥ እየሞላሽ ደርድሪው፣ በኋላ ማውጣት ስትፈልጊ አንድ አንድ ከረጢት ነው ምትስቢው፣ በአካፋ አትዝቂም። ቃጫ የሚመክርሽ ሰው አይጠፋም፣ አትስሚው ይበሰብሳል።

መውጫው ከላይ ነው፣ እና ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋር ነው። የሚገባውን ውሃ ፓምፕ ይገፋዋል፣ የሚወጣው ግን በራሱ ክብደት ነው ሚወርደው፣ ስለዚህ መውጫው ከመግቢያው በደንብ መስፋት አለበት። መግቢያው አንድ ኢንች ከሆነ መውጫውን ሁለት ኢንች አድርጊው፣ አለበለዚያ በርሜሉ በአፉ ይፈስና ማታ ተኝታችሁ ኩሬው ባዶውን ያድራል። በርሜሉን ብሎኬት ላይ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ፏፏቴው ከዛ ይወርዳል። ሲሞላ 200 ኪሎ በላይ ስለሆነ ቦታውን ቀድማችሁ ምረጡ፣ ከሞላ በኋላ የሚነካው የለም።

ፓምፑ በሁለት ሰዓት አንዴ ሙሉውን ኩሬ ማዞር አለበት፣ 1800 ሊትር በሰዓት። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ግን ምንም ከፍታ ሳይኖር ነው፣ አንድ ሜትር ሽቅብ ሲገፋ ብዙ ይቀንሳል፣ ስለዚህ 3000 የሚለውን ግዢ። ዋጋ አልጽፍልሽም፣ በየሳምንቱ ነው ሚቀያየረው።

ኤሌክትሪሻኑ፦
ባለኩሬው ጥሩ ብሏል፣ እኔ የማየው የመብራቱን ነገር ነው። ዝናብ ላይ የተጣለ ኤክስቴንሽን ላይ ፓምፕ ሰክተው የሚኖሩ ሰዎች ቤት ስንቴ ተጠርቻለሁ መሰላችሁ፣ ፌስታል ጠቅልለውበት ተሸፈነ ይላሉ። ሶኬቱ ግድግዳ ላይ ከፍ ብሎ ክዳን ያለው ይሁን፣ ገመዱ ወደ ሶኬቱ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ረገብ ብሎ ይንጠልጠል ውሃው እዛ ጋር እንዲንጠባጠብ። መስመሩ ላይ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲፈስ ራሱ የሚቆርጥ ብሬከር አስገጥሙ፣ 30 ሚሊአምፔር የሚለውን፣ ተራው ብሬከር ሰው አያድንም። ኧርዝ (የመሬት መስመር) መኖሩንም አስፈትሹ፣ የድሮ ቤት ከሆነ ላይኖር ይችላል። እጅ ውሃው ውስጥ ከመግባቱ በፊት ፓምፑ ይነቀል፣ ሁሌ።

ቀበናዋ፦
ኧረ እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም! ዘመናይ አትቀየሚ እንቦጩ ቀርቷል 😄

ባለኩሬው ሁለት ነገር ልጠይቅህ። አባዬን ፓምፑን አትንቀል ብለው "ቢሉን አንቺ ነሽ የምትከፍዪው" አለኝ፣ ምን ልበለው? ደግሞ መብራት ሲጠፋስ? እኛ ሰፈር ሲጠፋ ግማሽ ቀን ነው። የጥቋቁሮቹን ዓሣዎች ነገርም ማንም አልመለሰልኝም።

ባለኩሬው፦
ለአባባ እንዲህ በያቸው። 50 ዋት ፓምፕ ሌት ተቀን ቢሰራ በቀን 1.2 ኪሎዋት ሰዓት ነው ሚበላው። የእንጀራ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይወስዳል፣ ማለት የፓምፑ ሙሉ ቀን ምጣዱ ለሃያ ደቂቃ ምናምን ቢሰካ ነው። ማታውን ብቻ ቢነቅሉት የሚያተርፉት ከዛም ያነሰ ነው።

መብራት ሲጠፋ ለዓሣው በባትሪ የሚሰራ ትንሽ ኤር ፓምፕ አለ፣ አኳሪየም የሚሸጡ ሰዎች ጋር ጠይቂ። ከሌለ በባልዲ እየቀዱ ከደረት ከፍታ መልሶ መድፋት፣ ልጆች ካሉ ይወዱታል ስራው። ከዚህ የበለጠ ግን ፊልተሩን ተጠንቀቂ። ውሃው ለብዙ ሰዓት ከቆመ በርሜሉ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ አየር ጨርሶ መሞትና መበስበስ ይጀምራል፣ መብራት ሲመጣ ያ የሸተተ ውሃ በአንዴ ወደ ኩሬው ይገፋል። ስለዚህ ግማሽ ቀን ከጠፋ ፓምፑን ከመሰካትሽ በፊት የታችኛውን ጌትቫልቭ ከፍተሽ በርሜሉን ባዶ አድርጊ፣ ከዛ ይጀምር። የሚወጣው ውሃ ጎመንና ቲማቲም ስር ይፍሰስ፣ ማዳበሪያ ነው።

ጥቋቁሮቹ የራስሽ ናቸው እህቴ፣ ወፍ አላመጣቸውም። ጎልድፊሽ ሲፈለፈል ጥቁር ቡናማ ነው ሚሆነው፣ ቀለሙ ከወራት በኋላ ነው ሚመጣው፣ አንዳንዱ ጭራሽ ሳይቀየር ይቀራል። መጀመሪያ ሆዱ አካባቢ ወርቃማ ሲል ታዪዋለሽ። ትልልቆቹ እንቁላልም ጫጩትም ይበላሉ፣ አረንጓዴው ውሃ ደብቋቸው ነው የተረፉት። ግን ይሄ ቁጥር ይበዛል፣ ለሰው ስጡ። ወንዝ ውስጥ ብቻ እንዳትለቋቸው።

ዳቦና እንጀራው ግን ይብቃ። ሲበላ የተረፈው ነው አሞኒያ ሚሆነው። በሁለት ደቂቃ ውስጥ የሚጨርሱትን ብቻ፣ በቀን አንዴ ለትልልቅ ዓሣ ይበቃል።

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፦
አረንጓዴውን በተመለከተ እኔ ልጨምር፣ ፊልተሩ ብቻውን አያጠፋውም አልጌው በስፖንጅ ቀዳዳ ያልፋል። ሁለት ነገር ነው ሚፈልገው፣ ጸሐይና ናይትሬት። ጸሐዩን ችግኝ ጣቢያ የሚጠቀሙበትን ጥቁር ሼድ ኔት ከኩሬው ግማሽ በላይ ዘርጉበት፣ ድመትና ወፍም ይከለክላል። ናይትሬቱን ደግሞ ተክል ይብላው። እንቦጭ አያስፈልግም፣ ከበርሜሉ የሚወጣው ውሃ ወደ ኩሬው ከመውረዱ በፊት ጠጠር የተሞላ ገንዳ ውስጥ ይለፍ፣ ጠጠሩ ላይ ቄጠማ ትከሉ፣ ለበዓል የምንጎዘጉዘውን፣ ከነስሩ ከረግረግ አምጡት። እኔ ጎደሬ ነው የተከልኩት፣ እግሩ ውሃ ውስጥ ሆኖ ቅጠሉ ጃንጥላ ያክላል፣ ለኩሬውም ጥላ ሆነ። አፈር አትጨምሩ፣ ስሩ የሚበላው የዓሣውን ነው።

የገብስ ገለባም ይሰራል ይላሉ፣ እንግሊዞች ናቸው ሚጠቀሙበት። ያለውን አልጌ አይገድልም አዲሱን ነው ሚያዘገየው፣ ሰርቶ ያየሁበትም ያልሰራበትም ኩሬ አለ። ከሞከርሽ በካሬ ሜትር 50 ግራም አይለፍ፣ ላንቺ 300 ግራም ማለት ነው፣ መረብ ውስጥ አድርገሽ ፏፏቴው ስር። ሲበሰብስ ኦክስጅን ስለሚበላ ብዙ መክተት አደጋ አለው፣ አንቺ ጋር ደግሞ መጀመሪያ የአየሩ ነገር ይስተካከል።

አንድ ነገር፣ አደራ ከሐይቅ ቆሮሶ (ቲላፒያ) አምጥታችሁ እንዳትቀላቅሉ። ጎልድፊሹን ክንፉን ይቆራርጠዋል፣ በሽታና ትላትልም ይዞ ይመጣል፣ አዲስ አበባ ብርዱ ላይ ደግሞ ራሱ ቆሮሶውም አይመቸውም።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
እኔ ሜሪላንድ ነኝ፣ እዚህ ክረምት ኩሬው ላዩ በረዶ ይሰራል ዓሣዎቹ ታች ተኝተው ሳይበሉ ይከርማሉ፣ ጸደይ ላይ ደግሞ ራኩን መጥቶ በእጁ እየዛቀ ይበላቸዋል። የናንተን ሳይ ቀናሁ። ከዚህ የሚጠቅማችሁ አንድ ነገር ቢኖር ውሃው ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ ምግብ አይሰጥም፣ ሆዳቸው አይፈጭም። አዲስ አበባ ውሃው እዛ የሚደርስ አይመስለኝም ግን ህዳርና ታህሳስ ሌሊቱ ስለሚበርድ ምግቡን ቀንሱ፣ ጠዋት ሳይሆን ጸሐይ ካሞቀው በኋላ ስጡ። ሌላው እዚህ በየሱቁ የአሞኒያና የናይትራይት መለኪያ ጠብታ አለ፣ ትንሽ ካርቶን ናት ሻንጣ ውስጥ ቦታ አትይዝም፣ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ አስመጡ።

ቀበናዋ፦
የምጣዱን ሒሳብ ለአባዬ ነገርኩት። "ታዲያ ምጣዱን እንቀንስ" አለኝ 😂 ግን ፓምፑ አልተነቀለም፣ ጠዋት ወጥቼ ሳያቸው ላይ ላይ የነበሩት ሁለት ብቻ ናቸው። መለኪያውን አክስቴ ለጥምቀት ስትመጣ ይዛልኝ ትመጣለች። የመጨረሻ ጥያቄ፣ በርሜሉ ሲያልቅ ጀሪካኑን በዛው ቀን ላንሳው? ሲለካስ ስንት መሆን አለበት?

ባለኩሬው፦
አታንሺው! ጀሪካኑ ውስጥ ያለው ትንሽም ቢሆን ባክቴሪያ ነው፣ ለአዲሱ ዘር ነው ሚሆነው። ሁለቱም ጎን ለጎን ይስሩ፣ አዲስ ፊልተር ባክቴሪያው እስኪሞላ ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ይፈልጋል፣ የኛ ውሃ ቀዝቃዛ ስለሆነ ወደ ስምንቱ አስቢው። በመሀል ስፖንጁን በርሜሉ ውስጥ ጨመቅ አድርጊለት፣ ያ ቡናማ ጭማቂ ነው የምትፈልጊው። እስከዛ ምግብ በግማሽ ይሁን፣ አዲስ ዓሣም አይግባ።

ሲለካ አሞኒያም ናይትራይትም ዜሮ ነው መሆን ያለበት። መጀመሪያ አሞኒያ ከፍ ይላል፣ እሱ ሲወርድ ናይትራይት ይነሳል፣ አትደንግጪ ቅደም ተከተሉ እንደዛ ነው፣ ከፍ ባለ ቁጥር ያሳደርሽውን ውሃ ቀይሪ። ናይትራይት ከታየ ጨው ያድናቸዋል፣ ለ1000 ሊትር 1 ኪሎ፣ ላንቺ ሦስት ኪሎ ተኩል ገደማ፣ ተራ የወጥ ጨው ይሆናል። ባልዲ ውስጥ አሟሚና በሁለት በሦስት ቀን ከፋፍለሽ ድፊው፣ እንዲሁ በደረቁ ዓሣው ላይ አትበትኚ። ጨው አይተንም፣ ውሃ ስትቀይሪ ብቻ ነው ሚቀንሰው፣ ስለዚህ በየሳምንቱ እንደገና ሦስት ኪሎ ተኩል እንዳትጨምሪ፣ ያወጣሽውን ውሃ ያህል ብቻ ተኪ።

ቀበናዋ፦
ገባኝ። ቅዳሜ ምናለሽ ተራ ልሄድ ነው። ሁለት ኢንች ታንክ ኒፕል ለላይ፣ ለታችኛው መልቀቂያስ ስንት ልበል?

ባለኩሬው፦
ለታችም አንድ ተኩል ወይ ሁለት ኢንች፣ በቀጭን ቱቦ ጭቃው አይወጣም። በርሜሉን የሚበሳ ሰው እዛው ታገኛለሽ፣ ኒፕሉን ይዘሽ ሂጂና በልኩ ይብሳልሽ። የኒፕሉ ጎማ ከውስጥ በኩል ነው ሚሆነው።